ደሙ ሳይደርቅ የተበላ ካሳ

ጣና ከጥንት ጀምሮ እዚያው አለ። ዓባይም እንደ ልማዱ ከሐይቁ ወጥቶ ይሄዳል። ባሕር ዳርን ከመንደርነት አውጥቶ የፋብሪካ ከተማ ያሰኛት ግን ሐይቁና ወንዙ ብቻ አይደሉም፤ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ነው። እሱን ተከትሎ በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። በ1956 ደግሞ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ጃንሆይ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር የሚባለውም በዚያው ዘመን ነው። ያ አንድ አሥር ዓመት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ባሕር ዳር የምንላት ከተማ ምን ትመስል እንደነበር መገመት ይከብዳል።

ታዲያ ፋብሪካው በምን ገንዘብ ተሠራ? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ አንስቶ አያውቅም። መልሱ በአጭሩ፣ በጦር ካሳ ነው። ጣሊያን አገራችንን ወርራ ላደረሰችው ጥፋት የከፈለችው ካሳ ነው ባሕር ዳር ላይ ድርና ማግ ሆኖ የተተከለው። የቆቃ ግድብም ከዚሁ ካሳ ነው የተሠራው። እኛ አቡጀዲ ያልነው ጨርቅ፣ ቀና ብለው ሲያዩት፣ የየካቲት 12 ሙታን መገነዣ ነበር ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ፋብሪካው ባይሠራ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። ስንት ቤተሰብ እንጀራ በልቶበታል፣ ስንት ልጅ ተምሮበታል። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። አንድ አገር ፍትሕን የሚያህል ነገር በልማት ሲለውጥ ምን ዓይነት ውል እንደሚፈራረም ማየት የፈለገ ሰው፣ ሩቅ ሳይሄድ ይህችን ከተማ ይመልከት። ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ዳር የተፈረሙትን ሌሎች ውሎች ለመረዳትም የመጀመሪያውን ማወቅ ይጠቅማል።

እስቲ መጀመሪያ ባላገሩ የደም ነገር እንዴት እንደሚጨርስ እናስታውስ። በጎጃምም በጎንደርም ሰው ሲገደል ሽማግሌ ይገባል። ካህናት መስቀል ይዘው ይመጣሉ። ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ በሟች ወገን ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል። የሟች ወገን እምቢ ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ እምቢ ይላል። ተለምኖ፣ ተለምኖ፣ እሺ ሲል ካሳው ይቆረጣል፣ መሐላው ይፈጸማል። ይህ ነው ደም ማድረቅ የሚባለው። ልብ በሉ፦ ካሳው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ማመን አለ፣ ከእሱ በፊት የባለ ደሙ ፈቃድ አለ። ሳያምን ገንዘብ የሚልክ ገዳይ ቢኖር፣ ገንዘቡ ካሳ ሳይሆን ስድብ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ መንግሥታቱ እርቅ እንምጣ።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት ያቀረበችው የጉዳት መዝገብ ከ760 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል ይላል። 525 ሺህ ቤት ተቃጥሏል፣ 2 ሺህ አብያተ ክርስቲያናት ወድመዋል ይላል። የጠየቀችው ካሳ ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ ይበልጥ ነበር። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፣ ለሶቪየት ኅብረት 100 ሚሊዮን ዶላር ተቆረጠ። ለኢትዮጵያ ስንት? 25 ሚሊዮን። ባቀረብነው የሙታን ቁጥር ቢካፈል በነፍስ 33 ዶላር እንኳ አይሞላም። ቤቱ፣ ከብቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ውሉ ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ጣሊያን የጦር ወንጀለኞችን አሳልፋ እንድትሰጥ የሚያዝ አንቀጽ ነበረው። ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ የሚያዝም ነበረው። የኛ መንግሥት የመርዝ ጋዙን፣ የአዲስ አበባውን ጭፍጨፋ፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት እልቂት ይዞ አሥር ሰዎች እንዲጠየቁለት ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አመለከተ። ባዶሊዮና ግራዚያኒ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱን ለማስያዝ እንግሊዝን ጠየቀ። እንግሊዝ እምቢ አለች። ባዶሊዮ ሙሶሊኒ ከወደቀ በኋላ ከአጋሮቹ ጋር የታረቀ ሰው ነው፤ ጣሊያን ደግሞ በኮሚኒስቶች እጅ እንዳትወድቅ ትፈለግ ነበር። መርህን በጥቅም የመለወጡን ነገር እንግዲህ የጀመርነው እኛ አይደለንም፤ ታላላቆቹ ቀድመውናል።

ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በገዛ አገሩ ችሎት ቀረበ። የተከሰሰው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ በሠራው አልነበረም። 19 ዓመት ተፈረደበት፤ በወራት ውስጥ ከእስር ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልጋው ላይ ሞተ።

የኛ መንግሥትስ? ጥያቄውን ቀስ በቀስ ተወው። ከፊቱ የኤርትራ ጉዳይ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ድምፅ የሚሰጥበት፣ የጣሊያንና የወዳጆቿ ቃል የሚከብድበት። አገሪቱ ድሃ ናት፤ መንገድ የለ፣ መብራት የለ፣ ትምህርት ቤት የለ። ከጣሊያን ጋር ግንኙነት ታደሰ። የካቲት 26 ቀን 1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የካሳውን ጉዳይ የሚዘጋ ስምምነት ተፈረመ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የኢኮኖሚና የገንዘብ ጉዳዮች ማጠቃለያ፣ የኢኮኖሚ ትብብርም ውል ነበር። ስለ ችሎት የሚያነሳ አልነበረም። የአክሱም ሐውልት ይመለሳል የሚል ቃል እንደገና ገባ፤ ሐውልቱ የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። በ18 ወር ያሉት 58 ዓመት ፈጀ።

ፍርዱና ገንዘቡ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ይህን ስጠኝ ያንን ልተውልህ ተባብለው አልተለወጡም። ታሪኩን እንዲያ አድርጎ ማቅረብ ውሸት ይሆናል። አንደኛው እየደከመ ሄደ፣ ሁለተኛው እየቀረበ መጣ። መርህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው እንዲህ ነው። አንድ ቀን በጨረታ ወጥቶ አይሸጥም፤ ዛሬ ጊዜው አይደለም እየተባለ በመደርደሪያ ላይ ይረሳል።

ጣሊያን የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በመከላከያ ሚኒስትሯ አፍ በይፋ ያመነችው በ1988 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካው ከኑዛዜው በ35 ዓመት ቀደመ ማለት ነው። በባላገሩ ደንብ ቢሆን ሽማግሌው፣ «ኧረ ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ መች አመነ?» ይል ነበር። ሳያምኑ የከፈሉት ዕዳ ሳይማሩ ይቀራል። በ2004 ዓ.ም. ከሮም ብዙም በማትርቅ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የወጋው ረስቶ ሐውልት አቆመ፤ የተወጋውም ሸማውን ሲገዛ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ይህን ጉዳይ አንድ ጊዜ ከዚያው ፋብሪካ ጡረታ ለወጡ አዛውንት አንስቼላቸው ነበር። «ጋሼ፣ ፋብሪካው የጣሊያን ካሳ መሆኑን ያኔ ታውቁ ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እኛ የጃንሆይ ፋብሪካ ነው የምንለው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ እኔ የበላሁት ላቤን ነው። የደም ነው ብትለኝ ዛሬ ከሆዴ አላወጣው። ግን ያኔ ቢነግሩን ምን ነበረበት?» አሉ።

የኔ ጽሑፍ ሁሉ ከዚህ አረፍተ ነገር አያልፍም። ቢነግሩን ምን ነበረበት?

እርግጥ ነው፣ የተራበ ሕዝብ ስለ መርህ ሲሰበክለት አይወድም። ዔሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ ብለን ስንሳለቅ ኖረናል፤ ዔሳው ግን ከአደን ደክሞ ርቦት እንደመጣ መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። የ1940ዎቹ ኢትዮጵያም ርቧት ነበር። እንግሊዝ እምቢ ባለችበት ዓለም ግራዚያኒን ይዞ አዲስ አበባ የሚያመጣ ኃይል አልነበረንም። ካሳውን አንቀበልም ብንል ኖሮ ፍርዱም ካሳውም ይቀሩብን ነበር ይሆናል። ስለዚህ መቀበሉን አልነቅፍም። ዔሳው ቢያንስ የሸጠው የራሱን ብኩርና ነበር። በኛ ውል ግን ሻጩና ባለ ንብረቱ አንድ አልነበሩም። የሟች ልጅ አልተጠየቀም፣ ባሏ በመርዝ የተቃጠለባት አልተለመነችም። በጎጃም በረሃ አምስት ዓመት የተዋደቀው አርበኛም አልተማከረም። ከመካከላቸው ስመ ጥሩው በላይ ዘለቀ ሸፍቷል ተብሎ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሏል። ወራሪው በነጻ ሲሄድ አርበኛው በገመድ ሄደ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ ክብር ለዘገየም ቢሆን ክብር ነው።

እንዲህ ዓይነት ፈተና የደረሰበት አገር የኛ ብቻ አይደለም። እስራኤል ገና በተመሠረተች በአራተኛ ዓመቷ፣ በድህነትና በስደተኛ ብዛት ተጨንቃ ሳለ፣ ከጀርመን ካሳ መቀበል አለመቀበል የሚል ጥያቄ ገጠማት። የጀርመኑ መሪ አደናወር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1951 በምክር ቤታቸው ቆመው በጀርመን ሕዝብ ስም ስለተፈጸመው ወንጀል ተናገሩ። በጥር 1952 ጉዳዩ በእየሩሳሌም ምክር ቤት ሲቀርብ አገር ተናወጠ። ሜናኽም ቤጊን ሕዝብ ሰብስበው የደም ገንዘብ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ድንጋይ ተወረወረ። ቤን ጉሪዮን አገር መገንባት አለብን ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ 61 ለ50 ተወሰነ። ገንዘቡ ተወሰደ፤ 3 ቢሊዮን ማርክ። የናዚ ወንጀለኞችን ማሳደድ ግን አልቆመም፤ አይኽማን ከዚያ ውል በኋላ ነው ተይዞ እየሩሳሌም ላይ የተፈረደበት። ካሳው የፍርዱን መዝገብ አልዘጋውም።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ የኛን መንገድ ሄደች። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1965 ከጃፓን ጋር ታረቁና 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን በብድር ተቀበሉ። ዓመት ቀደም ብሎ ተማሪው ውሉን ተቃውሞ ሲወጣ ሴኡል ላይ የጦር አዋጅ ታወጀ። ገንዘቡ ለልማት ዋለ፤ ስሙ የገነነው የፖስኮ ብረት ፋብሪካ ከዚያ ድርሻ ደረሰው። ኮሪያ በለጸገች፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የውሉ ሰነዶች ይፋ ሲሆኑ፣ መንግሥት በግዳጅ ሥራ በተጋዙት ሰዎች ስም ጭምር ተደራድሮ እንደነበር ሕዝቡ አነበበ። በ2018 የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጃፓን ኩባንያ ለቀድሞ የግዳጅ ሠራተኞች ይክፈል ብሎ ፈረደ። ውሉ ከተፈረመ 53 ዓመት ሆኖት፣ ሰዎቹም ሸምግለው፣ ብዙዎቹም ሞተው። አገሪቱ ስትደኸይ የተከደነው ጥያቄ ስትበለጽግ ተመልሶ መጣ። ብልጽግና ዕዳውን አላጠፋውም፤ ዕዳውን የሚጠይቅ የተማረ ልጅ ነው ያፈራለት።

ኮሪያን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። የኢሕአዴግ ልማታዊ መንግሥት እንደ ምሳሌ ሲጠቅሳቸው ከኖሩት አገሮች አንዷ እሷ ነበረች። ከምርጫ 97 በኋላ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰዎች ተገድለዋል ካለበት ግርግር በኋላ፣ አንድ ያልተጻፈ ውል በአገሪቱ ላይ ሰፈነ። እድገቱን እኛ እናመጣለን፣ እናንተ ጥያቄውን አቆዩት የሚል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገ ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ጉባኤ ላይ በኢኮኖሚ እድገትና በዴሞክራሲ መካከል ቀጥተኛ ግንኙነት የለም ብለው ተከራክረዋል።

ውሉ ባዶ አልነበረም። ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 44 በመቶ ነበር፤ በ2016 ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ባሕር ዳርም አስፋልቷን አሰፋች፣ ዩኒቨርሲቲዋን አሳደገች። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ገንቢው ሳሊኒ ነው፤ ጣሊያን በሌላ በር ተመልሳ መጣች ብል ቀልድ ይመስላል። በዚያው ግንቦት ምርጫ ተደረገ። ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ደግሞ ሁለቱም ተጨምረው ሙሉ 547 ሆነ። ምክር ቤት ውስጥ አንድ እንኳ እምቢ የሚል ሰው ሳይኖር ውሉ እንደጸና ተቆጠረ።

ከዚያ 2008 ዓ.ም. መጣ። በሚያዝያ ባሕር ዳር የጣናን ፎረም አስተናገደች፤ የአፍሪካ መሪዎችና ሊቃውንት ስለ አህጉሪቱ ሰላምና ደህንነት በሐይቁ ዳር ተወያዩ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ በዚያችው ከተማ ሰልፍ የወጣ ሕዝብ ላይ ጥይት ተተኮሰ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 30 ሰው ተገድሏል አለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ እድገቱ በሚቆጠርበት ዘመን ያደጉ፣ መንገዱ ሲሠራ ያዩ፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተላቸው። ውሉን እነሱ አልፈረሙትም። ወላጆቻቸውም አልፈረሙትም።

ታዲያ ከዚያስ? በ2010 ዓ.ም. የመጡት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት ቆመው መንግሥት ራሱ ሰው ሲያሰቃይ እንደነበር ሲያምኑ ብዙዎቻችን ተደንቀን ሰማን። ማመን ነበር፤ በባላገሩ ደንብ ግማሽ መንገድ ነው። በ2011 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ ዘመኑን ጨርሶ ተበተነ፤ የአንዱም ደም በእሱ ደረቀ የሚል ሰው አላገኘሁም። ከ2015 ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል እንደገና ወደ ጦርነት ገባ። በ2016 ሚያዝያ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸደቀ። በወሩ ግንቦት ላይ፣ ያው ጦርነት ሳይበርድ፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ባሕር ዳር ላይ ተመረቀ። ድልድዩ ያምራል። በእሱ ላይ የማይሻገር ባሕር ዳሬ የለም፤ እኔም እሻገርበታለሁ። ነገር ግን ድልድይ የፍርድን ሥራ አይሠራም፤ ፋብሪካም አልሠራም።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለውን ተረት ለመንግሥት ብቻ አንተርትበት። ለኛም ይሆናል። መንገድ ሲመረቅ እልል የምንል፣ ሰው ሲታሰር የሱ ጉዳይ ነው የምንል፣ የሌላው ደም በኛ አስፋልት ሲለወጥ ዋጋው ረከሰ ብለን ያልተከራከርን እኛው ነን። ሆድና መርህ ሁልጊዜ ጠላቶች አይደሉም። እስራኤል ሁለቱንም ይዛለች፤ ለዚያም ያበቃት ሀብት አይደለም፤ በድህነቷ ቀን ጉዳዩን አደባባይ አውጥታ መጨቃጨቋ ነው።

እንግዲህ አንድ ትንሽ ነገር እጠይቃለሁ። ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በር ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። ይህ ፋብሪካ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ባለቁት ኢትዮጵያውያን ስም ከተከፈለ ካሳ የተሠራ ነው ይበል። ወጪው ከጥቂት ሜትር ጨርቅ አይበልጥም። የነሐሴ 1 ሙታንም ስማቸው የሚነበብበት ቦታ ይኑራቸው። ካሳ ከመቆረጡ፣ መንገድ ከመሠራቱ፣ እርቅ ወረደ ተብሎ ከመጨብጨቡ በፊት የሟች እናት ትጠየቅ። እሺ ካለች ደሙ ይደርቃል። እምቢ ካለችም መብቷ ነው፤ ሽማግሌው ነገ ተመልሶ ይለምናታል።